መንጋጋ ተነቅሎ ቤት ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ቆሎው

የታችኛው የግራ መንጋጋዬ የተነቀለው ሐሙስ ጠዋት ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ሕመሙ ልኩን ይዟል፣ እብጠቱም ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ብቅ ብዬ ጭማቂ ቤት ገባሁና አቮካዶ አዘዝኩ። የኛን አገር አቮካዶ ጭማቂ ታውቁታላችሁ፤ ማንኪያ ተክላችሁበት ብትሄዱ እንደቆመ ይጠብቃችኋል። በስትሮ ሳብኩት። አልመጣ ሲለኝ ጉንጬ ወደ ውስጥ እስኪገባ ሳብኩት።

ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ጆሮዬን ይዤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። የተነቀለው ጥርስ፣ የሚያመኝ ጆሮ። አፌም መጥፎ መጥፎ ይለኛል። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ በትንሿ መስታወት አየችና «በስትሮ ጠጥተሃል?» አለችኝ። ለካ ነገሩ ፊቴ ላይ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ሐሙስ ዕለት ስለ ስትሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሰጡኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል የተጻፈ ነው። እሱንም አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስለዚህ ያ ወረቀት ሊነግረኝ የሚገባውን እኔ ልጻፈው። የናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዛችሁ የሐኪሙን ስሙ፤ አፋችሁን ያየው እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ይህ ሐኪሞቹ ዊዝደም ቱዝ የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው ብቅ የሚለው። ቦታ ሲያጣ ይጋደማል፣ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ለማውጣት ድዱ ይቀደዳል፣ አንዳንዴ ትንሽ አጥንት ይነሳል፣ ጥርሱ ተከፋፍሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰፋል። ቀዶ ጥገና ነው። ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ ከሥሩ አጥንትና ነርቭ አለ። ክዳኑ ቀድሞ ከተነሳ አጥንቱ ለአየር፣ ለምግብና ለምራቅ ይጋለጣል። ድራይ ሶኬት የሚሉት እሱን ነው። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ያንን ደም ቦታው ላይ ለማቆየት ነው ብላችሁ ያዙት።

ከመሄዳችሁ በፊት

ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ደም አልቆም ቢል ወይም ሌላ ነገር ቢያስጨንቃችሁ ክሊኒኩ ገና ክፍት ነው። ሥራ የምትገቡ ከሆነ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጥሩ ነው። እብጠቱ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይሸፍኑላችኋል። የሕመም ፈቃድ ወረቀቱን እዚያው ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። አለቃችሁን መለማመጥ የለባችሁም።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የጨጓራ ሕመም፣ እርግዝና፣ የመድኃኒት አለርጂ ካለ ለሐኪሙ ተናገሩ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱም ተናገሩ፤ ድራይ ሶኬት የመያዝ ዕድልን ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ማቋረጥ ካለበት ያዘዘላችሁ ሐኪም ይወስን።

ከዚያ ፍሪጅ። ሁለት ትንንሽ ሃይላንድ ሦስት አራተኛ ድረስ ውሃ ሙሉና ከዋዜማው ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ለምን ሁለት? አንዱ ሲቀልጥ ሌላው አለ። መብራት ቢሄድም የቀዘቀዘ ሃይላንድ ለተወሰነ ሰዓት ይቆያል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ የፈላ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በጀሪካን አስቀምጡ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለመጉመጥመጥ ትፈልጉታላችሁ።

መድኃኒቱን የሚገዛላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት በየበሩ ነው። ግን አፋችሁ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ነክሶ፣ ከንፈራችሁ ደንዝዞ «ስንት ነው? ሌላ ዓይነት የለም?» ማለት አትችሉም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ፋርማሲስቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት

ቁስሉ ላይ ጎዝ ተጣጥፎ ይደረግና «ንከስ» ትባላላችሁ። ንከሱ ሲባል አጥብቃችሁ፣ ሳታቋርጡ ነው፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። በየአምስት ደቂቃው እያወጣችሁ ደም አለ የለም ብላችሁ አትዩ። በከፈታችሁት ቁጥር የረጋውን ደም ከጎዙ ጋር እየላጣችሁት ነው።

አትናገሩ። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ከምታስቡት በላይ ከባድ ነው። ታክሲ በስልክ ስትጠሩ ሹፌሩ መደወሉ አይቀርም። ካርታው ላይ ቁልጭ ብላችሁ እየታያችሁ «የት ጋ ነህ?» ይላችኋል። ስልኩን አብሯችሁ ላለው ሰው ስጡ። ሰው ከሌለ በር ላይ ላለው ጥበቃ ስጡት። የኔን ያነሳልኝ ጥበቃ ነው፤ «ጥርሱን ተነቅሎ ነው፣ ቶሎ ና» አለው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ሚኒባስ ግን ለዛሬ ይቅርባችሁ። ግፊያ አለ፣ «ጠጋ በል» አለ፣ ወራጅ ስትሉም አፍ መክፈት አለ።

ደሙ ከ45 ደቂቃ በኋላም ጠብ ጠብ ካለ አዲስ ጎዝ በንጹሕ ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ ሌላ 30 ደቂቃ ንከሱ። ጎዝ ካለቀ በየቤቱ ያለው የሻይ ከረጢት ይሠራል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡት፣ አቀዝቅዙት፣ ጨምቁት፣ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ንከሱ። ጥቁር ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም እንዲረጋ ያግዛል። ቅመም የሌለበት ይሁን።

ምራቅ ውስጥ ትንሽ ደም ብዙ ይመስላል። እስከ ማግስቱ ድረስ ምራቃችሁ ሮዝ ቢሆን፣ ትራሳችሁ ላይም ነጠብጣብ ብታዩ አትደንግጡ። የሚያሳስበው አፋችሁን ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ቀይ ደም ነው።

የቀረው የመጀመሪያ ቀን

ለ24 ሰዓት የተከለከለው ይህ ነው፦ መትፋት፣ መጉመጥመጥ፣ በስትሮ መሳብ፣ ትኩስ ነገር፣ አልኮል፣ ሲጋራ። ምራቅ ሲመጣ ዋጡት፤ ካልሆነም አንገታችሁን ደፋ አድርጋችሁ በራሱ ይውረድ። ስትሮው ለአንድ ሳምንት ይቆይ። ሲጋራ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት። መሳቡም ጭሱም ሁለቱም ይጎዱታል። ሺሻም ያው ነው። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ቁስሉ እስኪገጥም መተው አለበት። ጉንጭ ውስጥ ተይዞ የሚቆይ ቅጠል፣ ለሰዓታት የሚሠራ መንጋጋ፣ ላዩ ላይ ሲጋራና ለስላሳ። ቁስል ይህን አይችልም።

ማደንዘዣው ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እስኪለቅ የሚታኘክ ነገር አትብሉ። ከንፈራችሁን ወይም ምላሳችሁን እያኘካችሁ እንደሆነ አታውቁትም።

በረዶውን አሁን አውጡት። ሃይላንዱን በስስ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጉንጫችሁ ላይ 20 ደቂቃ ያዙ፣ 20 ደቂቃ አሳርፉ። ነቅታችሁ እስካላችሁ ድረስ ይሄንኑ ድገሙ። ባዶውን ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥላል። እናቴ «ሙቀት ነው የሚስማማው» ብላ የሞቀ ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር። ተራው አልደረሰም። በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ደም ይጠራል፣ እብጠት ይጨምራል። የእማዬ ፎጣ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው የሚፈለገው፤ ያኔ የደረቀውን መንጋጋ ያላላል። ሁለታችንም ልክ ነበርን ብለን ታረቅን።

ሕመሙ

ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሳይለቅ ጀምሩ። ሕመም አንዴ ከተነሳ በኋላ ማሯሯጥ ከባድ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ ሲወሰዱ ከየብቻቸው ይሻላሉ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት ማለት ነው። ምግብ ቀምሳችሁ ውሰዱት። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይለፍ፤ ባለ 500ው ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። የጉንፋን እንክብሎች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር ማሸጊያውን አንብቡ።

ጨጓራ ያለባችሁ (እና በዚህ ከተማ ጨጓራ የሌለበት ማን ነው?) አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ኩላሊት፣ አስም፣ እርግዝና ያለባችሁም እንዲሁ። አስፕሪን ለዚህ ሕመም አይሆንም፤ ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል። ጎረቤት ከመሳቢያው የሚያወጣላችሁ ስሙ የጠፋ እንክብልም ይቅር።

ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። ከታዘዘ ግን እንደታዘዘው ጨርሱት። ሜትሮኒዳዞል ከሆነ አልኮል ፈጽሞ፤ ጠላም ጠጅም ይጨምራል። መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ 3 ቀን ቆዩ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር። በቀን ሦስት ስኒ ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም በማግስቱ ራሱ ይፈነዳል። እኔ ጥርሴ መስሎኝ ማስታገሻ እጨምር ነበር። ታናሽ እህቴ ናት «ቡና ስላልጠጣህ ነው» ያለችኝ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቡናው ለብ እስኪል ይቀመጥ፣ ከዚያ በስኒው ጠርዝ ቀስ ብሎ ይጠጣ። ትኩሱ ነው ጠላቱ። ፉት ሲሉ በኃይል መሳብም አለ፣ እሱንም ተዉት።

የመጀመሪያው ሌሊት

ሁለት ትራስ ደርቡ። ራስ ከፍ ሲል ደምም እብጠትም ይቀንሳል። ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ። ጎዝ አፋችሁ ውስጥ እንዳለ አትተኙ፣ ሊያንቃችሁ ይችላል። የላይኛው መንጋጋ ከሆነ የተነቀለው፣ ከአፍንጫ ጎን ካለው ባዶ የአጥንት ክፍል ጋር ቅርብ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል አትናፈጡ። ማስነጠስ ሲመጣባችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ አስነጥሱ።

ሁለተኛው ቀን፦ ጨውና ውሃ

24 ሰዓት ሲሞላ መጉመጥመጥ ይጀመራል። አንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከበላችሁ በኋላና ከመተኛታችሁ በፊት፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ። አሠራሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ግሽልጥ ግሽልጥ» አድርጎ ጧ ብሎ መትፋት ለምዶብናል። አይሆንም። ውሃውን ያዙ፣ ራሳችሁን ወደ ተነቀለበት ጎን ዘንበል አድርጉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላችሁ አፋችሁን ክፈቱ። በራሱ ይፈሳል። የኔ የመጀመሪያ ሙከራ ሸሚዜን አጠበልኝ።

ጥርስ መቦረሽም ዛሬ ይጀመራል፤ ቁስሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ተዉት። መፋቂያ የምትጠቀሙ ለአንድ ሁለት ሳምንት ለስላሳ ብሩሽ ግዙ። የመፋቂያ ፍንጥር ቁስል ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ላይ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ሽፋን ታያላችሁ። መግል መስሏችሁ በጥጥ አትጥረጉት። ቁስል ሲሽር የሚሠራው ሽፋን ነው። ስልክ መብራት እያበሩ በቀን አሥር ጊዜ ማየትም ምንም አይጠቅምም። በምላስ መነካካትም እንደዚያው። ምላስ ግን ምክር አይሰማም።

ምን ይበላል

እዚህ ላይ የኛ ማዕድ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ለዚህ ቁስል የተፈጠረ የሚመስል ምግብ ሞልቶናል። የአጃ አጥሚት፣ እርጎ፣ የተፈጨና የተጣራ ተልባ፣ አብሽ፣ በደንብ የተፈጨ የድንች ወይም የክክ አልጫ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ በማንኪያ። ነጭ ሽሮ በትንሽ ዘይት፣ ቀጠን ብሎ፣ ቀዝቅዞ። ገንፎም ይሆናል፤ ግን በርበሬው ይቅርና ቅቤው ብቻ ይሁን፣ ትኩስነቱም ይውጣለት። ገንፎ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ የሚፋጅ ተንኮለኛ ነገር ነው፤ በማንኪያ ገልብጣችሁ አስተነፍሱት።

በሌላ በኩል በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቃሪያ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ አለ። በርበሬው ያቃጥላል እንጂ ይታጠባል። የፈንዲሻዋ ስስ ገለፈት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ትለጠፋለች፤ የገብስ ቆሎ ቅንጣትም እንዲሁ። ቡና ላይ ሰሃኑ ሲዞር እጃችሁ ሳታውቁት ይሄዳል። እጃችሁን ያዙት። ክትፎ ለስላሳ ነው ብላችሁም አትሞኙ፣ ሚጥሚጣው አብሮት አለ። ቁርጥ ለሁለት ሳምንት አይነሳ።

እንጀራ ከሦስተኛ አራተኛ ቀን ጀምሮ፣ በአልጫ ረስርሶ ፍትፍት ሆኖ፣ በሌላኛው ጎን እየታኘከ ይበላል። ሩዝ ትንሽ ይቆይ፤ ፍሬው ጉድጓድ ይወዳል።

ጾም ከሆነ ያው ተልባ፣ ሱፍ፣ አቮካዶና ነጭ ሽሮ አሉላችሁ። የሚያስቸግረው እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው። ባዶ ሆድ ላይ አይቡፕሮፌን አይወሰድም። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በረመዳንም የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ያወጣል። አስቸኳይ ካልሆነ ግን ቀጠሮውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

ጠያቂ

ይህን ክፍል ምንም ወረቀት ላይ አታገኙትም። ከሁሉ የከበደኝ ግን እሱ ነው። ጉንጫችሁ አብጦ ታየ ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። «እግዜር ይማርህ» ብሎ የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያጫውታችኋል። እናንተም ለወጉ ትመልሳላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ ስፌቱ ይወጠራል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሦስት ሊያጎርሱ የሚመጡም አሉ። አፋችሁ አንድ ጣት አይከፈትም፣ ጉርሻው ቡጢ ያክላል።

እኔ የሠራልኝ ዘዴ አንድ ሰው ወኪል ማድረግ ነው። እህቴ በር ላይ «ሐኪም እንዳይናገር ብሎታል» ትላለች። ሐኪም ከተባለ ማንም አይቀየምም።

ከጠያቂ ጋር መድኃኒት ይመጣል። አንዷ ጎረቤታችን ዳማከሴ ጨምቃ በስኒ አመጣችልኝ። ሌላው «አረቄ ያዝበት፣ ይገድለዋል» አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የማይባል የለም። ዳማከሴውን ማሽተት ትችላላችሁ፣ ሽታው ደስ ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ከለብ ያለ የጨው ውሃና ሐኪሙ ካዘዘው በቀር ምንም አይግባ። አረቄም ነጭ ሽንኩርትም የተቀደደ ድድን ያቃጥላሉ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን

እብጠቱ ጣራ የሚነካው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። መስታወት ስታዩ አንድ ጉንጭ የናንተ፣ አንዱ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚህ በኋላ መቀነስ አለበት። ሕመሙም በየቀኑ እየላላ ይሄዳል።

እየላላ የነበረ ሕመም ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ከተነሳ፣ ወደ ጆሮና ወደ አንገት ከተሰራጨ፣ አፋችሁ መጥፎ ጣዕምና ሽታ ካመጣ፣ ማስታገሻውም አልነካው ካለ፣ ድራይ ሶኬት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። «ነገ ይሻለኛል» ብሎ መቀመጥ ለከንቱ መሰቃየት ነው። እኔ እሁድን እንዲሁ አሳለፍኩ። ሕክምናው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሐኪሟ ጉድጓዱን በለብ ያለ ውሃ አጠበችና ቡናማ ነገር የተነከረ ቀጭን ጎዝ ከተተችበት። ሽታው ወዲያው አፍንጫዬን መታኝ። ቅርንፉድ! የሻይ ቅርንፉድ። መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የሚባለው ነገር ከቅርንፉድ የሚገኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሌሊት የነቀነቀኝ ሕመም ጸጥ አለ። ከኩሽና ቅርንፉድ አንስታችሁ ራሳችሁ እንዳትከቱ ግን፤ ፍሬው ባዕድ ነገር ነው፣ ዘይቱም በልኩ ካልሆነ ሥጋ ያቃጥላል።

በነዚህ ቀናት መንጋጋ አልከፈት ማለቱም የተለመደ ነው። የእማዬ ሙቅ ፎጣ አሁን ተራው ነው። ፎጣውን ጉንጭ ላይ አድርጋችሁ አፋችሁን ቀስ እያላችሁ ክፈቱና ዝጉ። ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ያህል ይከፈታል። በሳምንት ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ትደርሳላችሁ።

መውጣት ካማራችሁ በዝግታ መራመድ አይከለከልም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ደህና ነው። ጂም፣ ኳስ፣ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መሮጥ ግን ለ4 ወይም 5 ቀን ይቅር። ግፊት ሲጨምር ደሙ ይመለሳል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ

ጎዝ በትክክል ነክሳችሁም ደሙ ለሰዓታት አልቆም ካለ። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ። እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቀነስ ትቶ ከጨመረ። መግል ከወጣ። ከንፈር፣ አገጭ ወይም ምላስ በማግስቱም እንደደነዘዘ ከቀረ ለሐኪሙ ደውሉ፤ ነርቭ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው በጊዜ ይመለሳል፣ ግን መመዝገብ አለበት።

እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ክሊኒክ አትፈልጉ። ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

ሳምንቱ ሲሞላ

ስፌቱ ራሱ የሚሟሟ ክር ከሆነ በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ ቁርጥራጩ ይወጣል። ካልሆነ በ7ኛው ቀን ገደማ ተመልሳችሁ ታስወጣላችሁ። አያምም፣ ቆንጠጥ ያደርጋል። የትኛው ክር እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ 9ኛው ቀን ላይ ምላሴን የሚወጋኝን ጥቁር ጫፍ ስፈልግ ነበር።

የታችኛው ጉድጓድ ለተወሰኑ ሳምንታት የምግብ ማጠራቀሚያ ሆኖ ይቆያል። ሐኪሙ ከፈቀደ ከሳምንት በኋላ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ገዝታችሁ በለብ ያለ የጨው ውሃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። የሚወጣውን ስታዩ ትገረማላችሁ። ከእኔ የወጣው ከሁለት ቀን በፊት የበላሁት ምስር ነበር።

ድዱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይገጥማል። ከሥሩ አጥንቱ እስኪሞላ ወራት ይፈጃል፤ እናንተ ግን አይሰማችሁም። ቆሎ የቀመስኩት ወር ሲሞላኝ ነው፣ በቀኝ በኩል።

የቀኙም ይነቀል ተብሏል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ። ሃይላንዶቹን ዛሬ ማታ ፍሪዘር ከትቻቸዋለሁ።